የማነጻጸሪያ ቡድን ምንድን ነው?

አንድ ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቱ ሲጠቁርና ምግብ ሲዘጋው ከጎረቤት ቀድሞ የሚሰማው ምክር «የወፍ በሽታ ነው፤ ይህን ሐኪም ቤት አያውቀውም» የሚል ነው። የስሚዛ ቅጠል ይወቀጣል፤ አረንጓዴው ጭማቂ በስኒ ተቀድቶ በባዶ ሆዱ ይሰጠዋል። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ የዓይኑ ቢጫነት ይለቃል፣ ልጁም እንጀራ መብላት ይጀምራል። እናቱ «ልጄን ያዳነው ይህ ቅጠል ነው» ስትል አትዋሽም፤ የምትናገረው በዓይኗ ያየችውን ነው። ያላየችውና ልታይ የማትችለው ነገር ግን አለ፤ ይኸውም ያው ልጅ ጭማቂውን ሳይጠጣ ቢቀር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ነው።

የማነጻጸሪያ ቡድን የሚያስፈልገው ይህን የማይታይ ነገር ለማየት ነው። አንድ መድኃኒት ሲፈተን በዕድሜያቸው፣ በበሽታቸው ዓይነትና በሕመማቸው ክብደት መድኃኒቱን ከሚወስዱት ሰዎች ጋር የሚመሳሰሉ፣ ነገር ግን ያንን መድኃኒት የማይወስዱ ሕሙማን አብረው ይጠናሉ፤ የማነጻጸሪያ ቡድን የሚባሉት እነዚህ ናቸው። የመድኃኒቱ ውጤት የሚለካው በዳኑት ሰዎች ብዛት ሳይሆን በሁለቱ ወገኖች መካከል በሚታየው ልዩነት ነው። በተበከለ ምግብና ውኃ የሚተላለፈው የጉበት በሽታ፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ ከወፍ በሽታ ዋና ዋና መንስኤዎች አንዱ ሲሆን፣ በእርሱ የተያዙት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ያለ ልዩ መድኃኒት በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይድናሉ። ስለዚህ በእነዚህ ቀናት የተሰጠ ማንኛውም ነገር፣ ስሚዛም ሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ፣ የመዳኑን ምስጋና ይወስዳል።

ነገሩ ይበልጥ የሚገለጠው ገዳይ በሆነ በሽታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በብሪታንያ ስትሬፕቶማይሲን በሳምባ ነቀርሳ ሕሙማን ላይ የተፈተነበት ጥናት ታተመ። መድኃኒቱ በዚያን ጊዜ በአገሪቱ በጣም ጥቂት ስለነበር ለሁሉም ሊዳረስ አይችልም ነበር፤ በመሆኑም ማን እንደሚወስድ የሚወሰነው በታሸገ ፖስታ ውስጥ በተቀመጠ ዕጣ ሆነ። 55 ሕሙማን መድኃኒቱን ከአልጋ ዕረፍት ጋር አገኙ፣ 52ቱ ግን በዚያ ዘመን የተለመደውን የአልጋ ዕረፍት ብቻ አገኙ። በስድስት ወር ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 4፣ ከሁለተኛዎቹ 14 ሰዎች ሞቱ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ሁለተኛውን ቡድን እንዲመለከት እለምናለሁ። ከ52ቱ ውስጥ 38 ሰዎች ያለ ስትሬፕቶማይሲን በሕይወት ነበሩ። በእነዚያ ወራት አንድ ሰው ለ52ቱም አንድ ዓይነት ሥር ቀቅሎ አጠጥቷቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ «ሳምባ ነቀርሳዬን አዳነልኝ» የሚሉ 38 እውነተኛ ምስክሮችን በቪዲዮ ሊያቀርብ ይችል ነበር፤ የሞቱት 14ቱ ግን ለምስክርነት አይቀርቡም።

ዕጣው ራሱ ትልቅ ሥራ ይሠራል። ሐኪሙ በፈቃዱ የሚመርጥ ቢሆን፣ ሳያስበውም እንኳ ጠንከር ያለውን ሕመምተኛ ወደሚወደው መድኃኒት ሊመራው ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚወዳደሩት መድኃኒቶች ሳይሆኑ ሰዎች ይሆናሉ። መታከም በራሱ የሚያሳድረው ተስፋ ውጤቱን እንዳያዛባም፣ በሚቻልበት ጊዜ ለማነጻጸሪያው ቡድን መልኩና ጣዕሙ ተመሳሳይ የሆነ፣ ፕላሴቦ የሚባል ማስመሰያ ይሰጠዋል። ሌላ የተረጋገጠ ሕክምና ካለ ግን አዲሱ የሚነጻጸረው ከእርሱ ጋር ነው፤ ሕመምተኛን ያለ ሕክምና መተው አይፈቀድም።

ይህ አሠራር የአባቶችን እውቀት የሚንቅ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1964 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አካባቢ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ውስጥ፣ ከማጠቢያው ዝቅ ባለው ቦታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው አገኙ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ለእንዶድ ክብሩን ያስገኘለት ያ «ከሌላው ቦታ ይልቅ» የሚለው ንጽጽርና ከዚያ በኋላ የተከታተለው ምርመራ ነው። ስሚዛም በዚሁ መንገድ ቢፈተንና ውጤት ቢያሳይ ደስታዬ ነው፤ የባህል መድኃኒት ሻጭ ራሱ ከዳኑ ሰዎች የሰበሰበው ምስጋና ግን ፈተና ሊባል አይችልም።

እስከዚያው ድረስ የሚያሳስበኝ የቅጠሉ ዋጋ ሳይሆን ቅጠሉን በመጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ቢጫነቱ ከለቀቀ በኋላም በአንዳንድ ሰዎች ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። ሄፓታይተስ ኢ ደግሞ ነፍሰ ጡርን በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ሲይዛት የመሞት ዕድሏ ከ20 እስከ 25 በመቶ ሊደርስ ይችላል። የዚህች ሴት ዓይን ቢጫነትና በራሱ የሚድነው የዚያ ልጅ ዓይን ቢጫነት አንድ ዓይነት ነው፤ አይቶ ሊለያቸው የሚችል መድኃኒት አዋቂ የለም፤ የሚለያቸው የደም ምርመራ ነው።