ደንበኛን ጎንደር ላይ መጋበዝ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከሰሊጥ ነጋዴው እስከ ባንኩ፣ ጎንደር ላይ ደንበኞቹን ሰብስቦ የሚጋብዝ ብዙ ነው። ብሩ ይወጣል፣ እንግዳው ግን አንዳንዴ ርቦትና ደክሞት ይመለሳል። አብዛኛው ችግር የሚመጣው ሳይጠየቁ ከሚታመኑ ነገሮች ነው።

«ሥጋው ከበዛ ግብዣው አማረ»

መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ምን ይበላል የሚለው ነው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ከፋሲካ በኋላ ካሉት 50 ቀናት በስተቀር ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ነው፤ በዚያ ሰሞን እስከ 9 ሰዓት የሚጾም አለ። ለእሱ የ6 ሰዓት ምሳ ማለት ሌላው ሲበላ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። ሰዓቱን ወደ 10 ግፉት። በረመዳን ከሆነ ማፍጠሪያውን ጠብቁ። እንግዳ በይሉኝታ «ጾመኛ ነኝ» ላይል ይችላል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁት። የጾም በያይነቱ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጣል። ሽሮው ቅቤ በነካው ድስት እንዳይሠራ ግን ለወጥ ቤቷ ንገሯት። ሥጋም ከቀረበ የሁለቱ ለየብቻ ይሁን፣ ጭልፋው ሳይቀር።

«ለደንበኛ ከጥምቀት የተሻለ ጊዜ የለም»

በዓሉ ድንቅ ነው። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ያየ ሰው አይረሳውም። ለንግድ ወሬ ግን አይሆንም። አልጋ ይጠፋል፣ የአውሮፕላን ቲኬት ይወደዳል፣ መንገድ ይዘጋል። በዓሉን ለማሳየት ከሆነ ከወራት በፊት አልጋ ያዙ፤ ለውል ከሆነ ሌላ ሳምንት ምረጡ።

«አዝማሪ ካለ ጨዋታው ራሱን ይችላል»

አዝማሪ ሰው በግጥም ይነካካል፤ ሙያው ነው። የአገሩ ሰው ስሙ ሲጠራ ይስቃል፣ «ተቀበል!» ብሎም ግጥም ይሰጣል። የማያውቀው እንግዳ ግን ሁሉም ሲስቅ ብቻውን ሊሸማቀቅ ይችላል። ከመጀመሩ በፊት አዝማሪውን ወደ ጎን ጠርታችሁ የእንግዶቹን ስም፣ ከየት እንደመጡና ማን መነካት እንደሌለበት ንገሩት። ለሽልማት የሚሆን ዝርዝር ብር አዘጋጅታችሁ ለእንግዶቹ በጸጥታ አድሉ፤ የጠራችሁት ሰው ኪሱን መዳበስ የለበትም። የሥራ ወሬውን ደግሞ ከማሲንቆው በፊት ጨርሱ። ከዚያ በኋላ መደማመጥ የለም።

«ሰሜን ተራሮች ደርሶ መልስ ነው»

ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፓርኩ ከዚያም ያልፋል። ከፍታው ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ላልለመደ ሰው ትንፋሽ ያሳጥራል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ከሰዓት በኋላ ፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከጥሩ አስጎብኚ ጋር አሳዩ። የጣሪያውን መላእክት ቀና ብሎ ለማየት ጊዜ ስጧቸው። እዚያ ጫማ ይወለቃል፣ ግቢው ውስጥም የሚረገጠው ድንጋይ ነው፤ ተረከዘ ረጅም ጫማ እንዳያደርጉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

«ደረሰኝ ካለ ከግብር ይቀነሳል»

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 የመዝናኛ ወጪን፣ ከተወሰኑ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከማይቀነሱት ወጪዎች መድቦታል። ስለዚህ በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ከሂሳብ ባለሙያችሁ ጋር ተቀመጡ።