የናፖሊው ሎሪየንታሌ፦ ከቻይናዎች ኮሌጅ እስከ አማርኛ ክፍል

ሎሪየንታሌ በጣሊያኗ ናፖሊ ከተማ የሚገኝ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙ «ምሥራቃዊው» ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሁሉ በላይ የሚታወቀው በእስያና በአፍሪካ ቋንቋዎች ትምህርት ነው። ዛሬ ትምህርቱን በዋናነት የያዘው «የእስያ፣ የአፍሪካና የሜዲትራኒያን ዲፓርትመንት» ነው። ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮሪያኛ፣ ሂንዲ፣ ፋርስኛ፣ ቱርክኛና ዓረብኛ ይሰጣሉ። ከአፍሪካ ደግሞ ስዋሂሊ፣ ሐውሳና የኛው አማርኛ አሉ።

በአማርኛ ስለዚህ ቤት የሚነሳው ብዙ ጊዜ የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረኢየሱስ ስም ሲጠራ ነው። ያውም በአንድ መስመር፣ «ናፖሊ ያስተምሩ ነበር» ተብሎ ያልፋል። ቤቱ ግን ከዚያ የሚበልጥ ታሪክ አለው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመሠራረት

መሥራቹ አባ ማቴዎ ሪፓ ይባላሉ። በ1682 ከናፖሊ በስተደቡብ በምትገኘው ኤቦሊ ተወለዱ። ካህን ሆነው ለሚሲዮን ሥራ ተላኩና በ1710 ማካው ደረሱ። ከዚያ ወደ ቤጂንግ አለፉ። ንጉሠ ነገሥቱ ካንግሺ ከአውሮፓ ሰባኪ ሳይሆን ባለሙያ ነበር የሚፈልጉት። ሪፓ ሥዕል ይሞክሩ ስለነበር በቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ሆነው ገቡ።

ቆይተው ሌላ ትእዛዝ መጣ። በመዳብ ላይ ተቀርጾ የሚታተም ሥዕል እንዲሠሩ ተጠየቁ። ሪፓ ስለዚህ ሙያ የነበራቸው ዕውቀት የይድረስ ይድረስ ነበር። እምቢ ማለት ደግሞ አይቻልም። መዳቡን የሚበላውን አሲድ፣ ቀለሙንና ማተሚያውን እዚያው በተገኘ ነገር እየሞከሩ፣ እየተበላሸባቸው፣ እንደገና እየጀመሩ አበጁት። በመጨረሻ የካንግሺን የበጋ ቤተ መንግሥት የሚያሳዩ 36 ሥዕሎች ወጡ። ቦታው ጀሆል ይባላል፤ ከቤጂንግ በስተሰሜን ምሥራቅ ነው። አንባቢ ይህን ስም ይያዝልኝ፣ ኋላ ይመለሳል። የቻይናን ትልቅ ካርታም በመዳብ ቀርጸው ያተሙት እሳቸው ናቸው።

ሪፓ በእነዚያ ዓመታት አንድ ነገር ገባቸው። ከአውሮፓ የሚመጡት ካህናት ቋንቋውን ለመልመድ ዕድሜያቸውን ይጨርሳሉ፤ እንዲያም ሆኖ አፋቸው አይፈታም። ስለዚህ ለቻይና የሚሆኑት ካህናት ራሳቸው ቻይናውያን መሆን አለባቸው አሉ። በ1722 መጨረሻ ካንግሺ ሞቱ። በዓመቱ ሪፓ አራት ቻይናውያን ወጣቶችንና አንድ ቻይናዊ መምህራቸውን ይዘው መርከብ ላይ ወጡ። በለንደን በኩል አድርገው በ1724 መጨረሻ ናፖሊ ገቡ።

ቤቱ በጳጳሱ በቀሌምንጦስ 12ኛ ፈቃድ ያገኘው ግን ሚያዝያ 7 ቀን 1732 ነው። ስሙም «ኮሌጆ ዴይ ቺኔዚ» ሆነ፤ የቻይናዎች ኮሌጅ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚህ ቀን ነው። ልጆቹ ትምህርት ላይ የነበሩት ግን ከዚያ በፊት ስለሆነ፣ ከ1724 ቢቆጠርም የሚያስኬድ ይመስለኛል።

ሎሪየንታሌ በአውሮፓ የመጀመሪያው የቻይና ጥናት ትምህርት ቤት ነው ይባላል። በቻይንኛ ረገድ ይህ ክብር ይገባዋል። «የምሥራቅ ቋንቋዎች ሁሉ ቀዳሚ ትምህርት ቤት» ሲባል ግን የፓሪስ ሰዎች አይስማሙም። እነሱም የአስተርጓሚዎች ትምህርት ቤታቸውን ወደ 1669 ይወስዱታል። ያኛው ለቱርክኛና ለመሰሎቹ የተከፈተ ስለነበር ሁለቱን ማነጻጸር ያስቸግራል።

ከኦቶማን ግዛት የመጡ ወጣቶችም ቀስ በቀስ ኮሌጁን ተቀላቀሉ። እስከ 1888 ድረስ ከመቶ የሚበልጡ ቻይናውያን በዚህ ቤት ተምረዋል።

ከናፖሊ ወደ ጀሆል

ከእነዚህ ተማሪዎች ታሪኩ በደንብ ተመዝግቦ የቆየው የሊ ዚብያው ነው። ከሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ ከጋንሱ የመጣ ልጅ ነበር። በ1773 ናፖሊ ሲደርስ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ነበር። ላቲንና ጣሊያንኛ እንደ አፍ መፍቻው ሆኑለት።

በ1792 እንግሊዝ ወደ ቻይና መልእክተኛ ለመላክ ተነሳች። መሪው ሎርድ ማካርትኒ ነበሩ። ነገር ግን ለንደን ውስጥ ቻይንኛ የሚችል ሰው ጠፋ። የማካርትኒ ምክትል ጆርጅ ስታንተን አስተርጓሚ ፍለጋ አውሮፓን አቋርጠው ናፖሊ ድረስ መጡ። የተገኙት ሁለት ሰዎች ሊ ዚብያውና ኬ ዞንግሺያው ነበሩ። የዚያን ዘመን ኃያል መንግሥት ከቻይና ጋር ለመነጋገር በናፖሊ አንድ አነስተኛ የካህናት ትምህርት ቤት ደጅ ጠና። የቤቱን ሰዎች እስከ ዛሬ ቢያኮራቸው አይፈረድባቸውም።

ሥራው ግን አንገት የሚያስቆርጥ ነበር። ያለ ፈቃድ ከአገር የወጣ ቻይናዊ ወንጀለኛ ነው። ለባዕድ ቻይንኛ ማስተማርም ያስቀጣል። ኬ ማካው ሲደርሱ ፈራና ወረደ። ሊ ግን አልወረደም። የአውሮፓ ልብስ ለብሶ፣ አውሮፓዊ መስሎ ቀጠለ። እንግሊዞቹ ስሙን ወደ ቋንቋቸው መልሰው «ሚስተር ፕለም» ይሉት ነበር፤ ሊ ማለት ፕለም የሚሉት ፍሬ ነውና።

በመስከረም 1793 መልእክተኞቹ ንጉሠ ነገሥት ጪየንሎንግ ፊት ቀረቡ። ቦታው ጀሆል ነበር። ሪፓ ከ80 ዓመት በፊት እጃቸው በአሲድ እየተለበለበ የቀረጹት ያ የበጋ ቤተ መንግሥት መሆኑ ነው። መሥራቹ በሥዕል ባኖሩት ግቢ ውስጥ የትምህርት ቤታቸው ልጅ በሁለት መንግሥታት መካከል ቆሞ አስተረጎመ። በመርከቡ ላይ ከአስተርጓሚዎቹ ቻይንኛ የለቀመው የስታንተን ትንሽ ልጅም ለንጉሠ ነገሥቱ ጥቂት ቃላት ተናገረ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከወገባቸው ከረጢት ፈተው ሰጡት። ማካርትኒ ሰገዱ ወይስ አልሰገዱም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እሳቸው አንድ ጉልበት ብቻ ነው ያጠፍኩት ብለዋል።

ሊ ወደ ናፖሊ አልተመለሰም። ሻንሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር እየተደበቀ በካህንነት አገለገለ፤ በ1828 ዐረፈ።

የመንግሥት ትምህርት ቤት መሆን

ጣሊያን አንድ አገር ስትሆን ኮሌጁ የማን ነው የሚል ጠብ ተነሳ። ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ፍርድ ቤት ቆሙ፤ መንግሥት ረታ። መጀመሪያ «ንጉሣዊ የእስያ ኮሌጅ» ተባለ፤ ካህን ያልሆኑ ተማሪዎችም ገቡ። በ1888 ዓላማው ጭራሽ ተቀይሮ «ንጉሣዊ የምሥራቅ ተቋም» ሆነ። በዚህ ሽግግር ቻይንኛውን ካስተማሩት መካከል የኮሌጁ ተማሪ የነበሩት ጉዎ ዶንግቸን ይገኛሉ። ቋንቋውን የሚያስተምረው የቋንቋው ልጅ መሆኑ ስሙ ሲቀየርም አልቀረም።

አማርኛ

ጣሊያን በ1890 ኤርትራን ቅኝ ግዛቴ ብላ አወጀች። ሹማምንቱ፣ ወታደሩና ነጋዴው ቋንቋ ፈለጉ። በናፖሊ አማርኛን የያዙት ፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ጋሊና ነበሩ። በ1902 አፈወርቅ ገብረኢየሱስ ረዳት መምህር ሆነው አጠገባቸው መጡ።

አፈወርቅ በ1868 በጣና ዳር፣ በዘጌ ተወለዱ። ሥዕል ለመማር ወደ ጣሊያን፣ ወደ ቶሪኖ ተላኩ። ከሪፓ ጋር ያላቸውን መመሳሰል ሳላነሳ ማለፍ አልቻልኩም፤ ሁለቱም ሠዓሊዎች ናቸው፣ ሁለቱም በባዕድ አገር ብሩሹን ትተው የቋንቋ ሰው ሆኑ። ወደ ናፖሊ የመጡበት መንገድ ግን ያማል። በአድዋ ጦርነት ዋዜማ ወደ ጣሊያን ወገን የዞሩ ሰው ነበሩ።

የናፖሊ ዓመታቸው የሥራ ዓመት ነበር። በ1905 የአማርኛ ሰዋስውና የጣሊያንኛ-አማርኛ መነጋገሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1908 ለመንገደኛ የሚሆን የፈረንሳይኛና የአማርኛ ንግግር መጽሐፍ አወጡ። በ1909 የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ፣ በ1911 ደግሞ ስለ አማርኛ ግሥ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ ጻፉ።

ለግሥ ብቻ አንድ መጽሐፍ ምን ያደርጋል የሚል ካለ «አልነገርኳቸውም» የምትለዋን ቃል ይይ። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ ሆነው እምቢታውን ያቅፉታል። መሐል ላይ «ነገር» አለ። «ኩ» እኔን ያመጣል፤ «አቸው» እነሱን ያመጣል፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ «ኳቸው» ይሆናሉ። እኛ በአንድ ትንፋሽ የምንላትን ጣሊያናዊው ቃላት ደርድሮ ነው የሚላት። ተማሪው ይህን ቋጠሮ እስኪፈታ መምህሩ ትዕግሥት ያስፈልገዋል።

በ1908 ሮም ላይ የታተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ግን ከሁሉም ይበልጣል። በኋላ «ጦብያ» ተብሎ የታወቀው ነው። አባቷ በጦርነት ተማርኮ የተሸጠባት ልጅ እንደ ወንድ ለብሳ የምትንከራተትበት ታሪክ ነው። የአማርኛ የመጀመሪያው ልቦለድ መሆኑን አብዛኛው ሰው ይቀበላል፤ ዛሬ «ልብ ወለድ» የምንለው ስያሜም ከዚሁ ርዕስ ጋር ይያያዛል። እንግዲህ የልቦለዳችን አጀማመር ለቻይናውያን ተብሎ ከተከፈተ ትምህርት ቤት መምህር ጠረጴዛ ጋር የተሳሰረ ነው። ይህን ሳስብ ሁሌ ይደንቀኛል።

አፈወርቅ ኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በሮም የኢትዮጵያ መልእክተኛም ሆኑ። በወረራው ጊዜ ግን እንደገና ከጠላት ጋር ቆሙ፤ «አፈ ቄሣር» ተባሉ። በ1947 በጅማ በግዞት ሞቱ። ባንዳ ነበሩ የሚለውን የሚያስተባብል ነገር አላየሁም። የአማርኛቸውን ውበትም የሚያስተባብል የለም።

ከዚያ ወዲህ

የቲቤት ጥናት ሊቁ ጁሴፔ ቱቺ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ እዚህ ቻይንኛ አስተምረዋል። የፋሺዝም ዘመን ትምህርቱን ለቅኝ ግዛት አገልግሎት አሰልፎታል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ላንፍራንኮ ሪቺ የኢትዮጵያን ጥናት ይዘው ቆዩ። ከእሳቸው ቀጥሎ ፕሮፌሰር ያዕቆብ በየነ አሉ። ያዕቆብ የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫን «መጽሐፈ ምሥጢር» ከግእዝ ወደ ጣሊያንኛ ተርጉመው፣ ከነግእዙ በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሳትመዋል። የዚህ ዓይነት ሥራ ለዓመታት ዓይን የሚያጠፋ ነው። ከእኛው ወገን የሆነ ሰው በዚያ ወንበር ተቀምጦ ያንን ማድረጉ፣ ለእኔ፣ ከቤቱ ታሪክ ትልቁ ገጽ ነው።

በቁፋሮውም ቤቱ አክሱም ድረስ መጥቷል። ሮዶልፎ ፋቶቪች ከቦስተን ዩኒቨርሲቲዋ ካትሪን ባርድ ጋር ከ1993 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ከአክሱም በላይ ባለው በቤተ ጊዮርጊስ ኮረብታ ቆፈሩ። ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበረው ዘመን የተወሰነው ክፍተት የተሞላው በዚህ ሥራ ነው። ከ2010 ወዲህ ደግሞ በአክሱም አጠገብ ባለችው ሰግላመን ሉዊዛ ሰርኒኮላ ሥራውን ቀጥለዋል። በ1941 የተመሠረተው «ራሰኛ ዲ ስቱዲ ኤቲዮፒቺ» የተባለው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔትም ዛሬ ሎሪየንታሌ ከአንድ የሮም ተቋም ጋር በጋራ የሚያሳትመው ነው።

ዛሬ

የአሁኑን የዩኒቨርሲቲነት ስሙን ያገኘው በ2002 ነው። ከቻይና ጋር ያለው ዝምድና አልተቋረጠም፤ ቻይንኛንና የቻይናን ባህል የሚያስተምር የኮንፊሽየስ ተቋም አለው። «ኡምቤርቶ ሼራቶ» የተባለ የምሥራቅ ሙዚየምም በ2012 ተከፍቷል።

የመጀመሪያው ኮሌጅ የነበረበት ግቢ ኋላ ሆስፒታል ሆኗል። ዩኒቨርሲቲው አሁን በአሮጌው ከተማ ውስጥ በተበታተኑ ሕንፃዎች ይሠራል። የእስያና የአፍሪካ ትምህርት ዋና ቤት ፓላዞ ኮሪልያኖ ነው። ሳን ዶሜኒኮ ማጆሬ በተባለው ፒያሳ ላይ ቆሟል። ውስጡ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈ በወርቅ ቅብ ያሸበረቀ የመስታወት ክፍል አለ።

ከበሩ ወጥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀና ሰው አንድ ጠባብ መንገድ ይዞ ይሄዳል። ግራና ቀኙ ቡና ቤትና መጻሕፍት መደብር ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ የድንጋይ ሐውልት ያገኛል። ጋደም ያለ ፂማም ሽማግሌ ነው። በጥንት ጊዜ ከእስክንድርያ መጥተው በዚያ ሰፈር የኖሩ ሰዎች ያቆሙት ነው ይባላል። መንደርተኛው በስሙ ነው የሚጠራው፤ አጠገቡ ያለው ጎዳናም ስሙን ይዟል። ሽማግሌው ዓባይ ነው።