የወፍራም ብረት ኮለን ብየዳ በጅማ፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ሥራ?

ጅማ ውስጥ ብየዳ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው በር፣ መስኮትና የግቢ አጥር ነው። እዚያ ብረቱ ስስ ስለሆነ 6013 የተባለው ተራ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) ይበቃዋል። የሕንፃ ኮለን (ሕንፃውን የሚሸከም ምሰሶ) ግን ሌላ ነው። ላሜራው 25፣ 40፣ አንዳንዴም ከ60 ሚሊ ሜትር በላይ ይወፍራል።

ወፍራም ብረት የብየዳውን ሙቀት ቶሎ ይስባል። በፍጥነት የቀዘቀዘው የመገጣጠሚያ ዙሪያ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ሃይድሮጅን ሲጨመርበት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከ2 ቀን በኋላ ብቅ ይላል። ስለዚህ በዕለቱ አይቶ "ደህና ነው" ማለት አይበቃም። ሃይድሮጅኑ የሚመጣው ከዝገት፣ ከዘይትና ከቀለም፣ ይበልጥ ግን ከእርጥበት ነው። ጅማ ደግሞ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ክረምቷም ረጅም ነው። እዚህ የዘዴ ምርጫ ከዚሁ እርጥበት መጀመር አለበት።

ወርክሾፕ ውስጥ ረጅም ቀጥ ያለ መገጣጠሚያ ካለ፣ በዱቄት ፍላክስ (ብየዳውን ከአየር በሚከልል ዱቄት) ስር የሚሠራው አውቶማቲክ ብየዳ የሚወዳደረው የለም። በሰዓት ብዙ ኪሎ ብረት ይሞላል፤ ጥልቀቱም ጥሩ ነው። ነገር ግን ኮለኑ መጋደም አለበት፤ ዱቄቱ በቆመ ብረት ላይ አይቀመጥም። ፍላክሱም ደረቅ መሆን አለበት። ኤሌክትሮስላግ የሚባለው ዘዴ ደግሞ በጣም ወፍራም ላሜራን ቁም ላይ ባንድ ጊዜ ይሞላል። ለሳጥን ቅርጽ ኮለኖች ይጠቅማል፤ ለተራ ሳይት ግን አይሆንም።

ኮለኑ ተሠርቶ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪና የሚጭነው ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ ረጅሙ ኮለን ሳይት ላይ መቀጠሉ አይቀርም። ከባዱ ምርጫ ያለው እዚህ ነው። ጋዝ የሚፈልግ የሽቦ ብየዳ ፈጣን ነው፤ ግን ነፋስ ጋዙን ይበትነዋል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነፋስ እንኳ ይበቃል፤ በሸራ መከለል ግድ ነው። ጋዝ የማይፈልገው፣ ውስጡ ፍላክስ ያለው ሽቦ ነፋስ ይችላል። ሆኖም ሽቦው ሁሉ እኩል አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የኖርዝሪጅ መሬት መንቀጥቀጥ በካሊፎርኒያ የብዙ ብረት ሕንፃዎችን የኮለንና የቢም (የአግዳሚ ተሸካሚ) መገጣጠሚያ ሰነጠቀ። ከምክንያቶቹ አንዱ በወቅቱ የተለመደው ሽቦ የድንጋጤ ጭነት የመቋቋም አቅሙ ዝቅተኛ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ሲገዛ ጥንካሬው ብቻ ሳይሆን ይህም አቅሙ ይጠየቅ።

ለብዙው የጅማ ሳይት የምመርጠው ሃይድሮጅኑ አነስተኛ የሆነውን 7018 ኤሌክትሮድን ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ግን በየትኛውም አቅጣጫ ይበየድበታል፣ በጄኔሬተርም ይሠራል። ችግሩ እንደ ጨው እርጥበት መሳቡ ነው። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ምድጃ ውስጥ ይቀመጣል። ውጭ ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለ2 ሰዓት ይጋገራል። የረጠበውን ግን መጣል ነው። ምድጃ የሌለው ሳይት 7018 ገዛሁ ቢል ዋጋ የለውም።

ብረቱም ራሱ ቀድሞ ይሞቃል። ለተለመደው የግንባታ ብረት፣ ከ38 እስከ 65 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቢያንስ 65 ዲግሪ፣ ከዚያ በላይ ከወፈረ 110 ዲግሪ ገደማ ነው። ሙቀቱ በሙቀት መለኪያ ጠመኔ ወይም ቴርሞሜትር ይረጋገጣል፤ በእጅ ዳብሶ መገመት አይሆንም። ዋናዎቹ መገጣጠሚያዎች ከቀዘቀዙ ከ48 ሰዓት በኋላ በአልትራሳውንድ ይፈተሻሉ። የፍተሻው ክፍያም ከመጀመሪያው ውሉ ውስጥ ይግባ።