የባለጉዳዩን ስም ካልጠራሁ ምስጢር አላወጣሁም?

ይሄ ጥያቄ ግሩፓችን ውስጥ ተደጋገመ፣ በተለይ ከሕግ ተማሪዎች። የጠበቃ ምስጢር ደንበኛው ሹክ ያለው ነገር ብቻ አይደለም። በሥራው ምክንያት ያወቀው፣ ከሰነድ ያነበበውም ጭምር ነው።

እንዲህ እንበል። አንዲት እናት ከትንሿ ከተማ ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን መጥተው ስለ ውርስ መሬት ጠበቃ ያማክራሉ፣ ከበኩር ልጃቸው ጋር መጣላታቸውንም ይናገራሉ። እዚያ የሚለማመድ ተማሪ ማታ ቴሌግራም ላይ "አንዲት የመሐል ሜዳ እናት ከበኩር ልጃቸው ጋር በመሬት ተጣልተው" ብሎ ለትምህርት ይሆናል በሚል ቅን ሐሳብ ይጽፋል። ስም የለም። ግን መሐል ሜዳ ላይ እኚህን ሴት ለማወቅ ስም ያስፈልጋል እንዴ? ምስጢሩ ወጥቷል። ጉዳዩ ማለቁ ወይም እናትየው ሌላ ጠበቃ መያዛቸው ነገሩን አይለውጠውም።

በመላ አገሪቱ አንድ የሆነው ይሄ ነው፦ ጠበቃ በሙያው ያወቀውን ምስጢር ቢያወጣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ሊጠየቅ ይችላል። ባለጉዳዩ ከፈቀደ ወይም ፍርድ ቤት በግልጽ ካዘዘ ግን ሌላ ነው።

የሚለያየው የዲሲፕሊኑ መንገድ ነው። የፌዴራል ፈቃድ ያለው በፌዴራል የጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ይታያል፤ ክልል ፍርድ ቤት በክልል ፈቃድ የሚቆም ደግሞ፣ እዚህ ሰሜን ሸዋ ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ በክልሉ ሕግ።

መምህራን፣ እባካችሁ ይሄን ተማሪው ለልምምድ ከመውጣቱ በፊት አስተምሩት። ተማሪዎችም ጉዳይ ለውይይት ስታመጡ ቦታውን፣ ዝምድናውን፣ የክርክሩን ዓይነት ቀይሩ፤ ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ አሠሪ ጠበቃችሁን ጠይቁ።