ሽታው ጠፋ ማለት ጉዳቱ ጠፋ ማለት አይደለም፦ ስለ እንጨት ዕቃ ቅብ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ቁም ሳጥን አሠርቶ መኝታ ቤት ያስገባ ሰው፣ የቫርኒሹ ሽታ ለሳምንታት አብሮት እንደሚያድር ያውቃል። ስለዚህ ሽታ ምክር የሌለው ጎረቤት ደግሞ አይገኝም። አንዱ ዕጣን አጭሱበት ይላል፣ ሌላዋ ሽንኩርት ከፍላችሁ ውስጡ አስቀምጡ ትላለች፣ አናጺው በበኩሉ በሦስት ቀን ይለቃል ብሎ ሒሳቡን ይቀበላል። ከእነዚህ ምክሮች አንዳንዶቹ ጉዳት የላቸውም፤ አንዳንዶቹ ግን ቤት ያቃጥላሉ።

“ሽታ የሌለው ቅብ ጉዳት የለውም”

አፍንጫ በዚህ ጉዳይ ሊታመን የሚችል ዳኛ አይደለም። ከሃርደነር (ማጠንከሪያ) ጋር ተደባልቆ የሚረጨውን፣ ፖሊዩሬታን የሚባለውን ቅብ እንውሰድ። ሃርደነሩ ውስጥ አይሶሳይኔት የሚባል ኬሚካል አለ፤ ለሥራ ቦታ አስም ዋና ከሚባሉት መንስኤዎች አንዱ ነው። ሰው ሽታውን መለየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከተፈቀደው ካለፈ በኋላ ነው። ቅቡ ሙሉ በሙሉ ከጠነከረ በኋላ ዕቃውን ለሚገዛው ሰው ይህ አያሰጋም፤ የሚያሰጋው በኮምፕሬሰር ለሚረጨው ወጣትና አጠገቡ ለሚሠሩት ነው። እንዲህ ያለውን ቅብ ቤት ውስጥ አስመጥቶ ማስረጨት የለየለት ስህተት ነው።

ቀለም ውስጥ የሚገባው መርዛማ ብረት፣ እርሳስም እንዲሁ ሽታ የለውም። ከዘመድ የተወረሰ፣ ደማቅ ቢጫ ወይም ቀይ የተቀባ የሕፃን አልጋ ምንም ላይሸት ይችላል፤ ሕፃኑ ግን ጥርስ ሲያወጣ የሚነክሰው ያንን ጠርዝ ነው። በኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን ከ1 ሚሊዮን እጅ 90 እጅ ላይ ገድቦታል። ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ በዚህ መለኪያ አልተሠራም። ዕድሜው ያልታወቀ ቀለም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አይፋቅም፤ ከተቀባው የከፋው አቧራው ነው።

“በውሃ የሚቀጥን ከሆነ ኬሚካል የለበትም”

አለበት፤ ያነሰ ነው እንጂ። በውሃ የሚቀጥኑ ቅቦች ውስጥ ቅቡ ተዋሕዶ እንዲጠነክር የሚረዱ ዝግ ብለው የሚተንኑ ፈሳሾችና ቆርቆሮው ውስጥ እንዳይሻግት የሚጨመሩ መከላከያዎች አሉ። መከላከያዎቹ የአንዳንድ ሰዎችን ቆዳ ያሳክካሉ። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፦ የአውሮፓ ኅብረት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለበርና መስኮት ዓይነት የእንጨት ቫርኒሾች የፈቀደው የተናኝ ኬሚካል መጠን፣ በውሃ ለሚቀጥነው በሊትር 130 ግራም ሲሆን በቲነር ለሚቀጥነው 400 ግራም ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆርቆሮው ፊት ላይ የተጻፈውን ትታችሁ ጀርባውን አዙሩ። ብሩሹ በምን ይታጠባል ይላል? በውሃ ካለ በውሃ የሚቀጥን ነው። ፊቱ ላይ “ሽታ አልባ” ብሎ ጀርባው ላይ በቲነር አቅጥኑ የሚል ከሆነ ጀርባውን እመኑ። በአሜሪካ ሕግ የሚሰላው የተናኝ ኬሚካል ቁጥር ደግሞ ሌላ ጉድ አለው፤ የሚለካው የከተማ አየር ላይ ጭጋግ የሚፈጥረውን ነው። አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ፈሳሽ) በዚያ ረገድ አስተዋጽኦው ትንሽ ስለሆነ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከስሌቱ ወጥቷል። ስለዚህ “ዜሮ” የተባለ ቆርቆሮ ሁሉ ምንም የማይተንንበት አይደለም።

“የውሃው ቅብ አይጸናም”

ይህ የድሮ ስም ነው። ዛሬ በውሃ የሚቀጥን ፖሊዩሬታን የቅርጫት ኳስ ሜዳ ወለል ይቀባበታል። አናጺዎች የሚያማርሩት ብዙውን ጊዜ በቲነር እንደሚቀጥነውና ቶሎ እንደሚደርቀው ላከር ስለሚቀቡት ነው። ውሃ የእንጨቱን ገጽ ጥቃቅን ክሮች ያስነሳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሶ፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያስፈልጋል። በብረት ሱፍ መፈተግ ግን አይቻልም፤ የቀረው ብናኝ ከቅቡ ሥር ይዝጋል።

አንድ ቅሬታቸው ግን እውነት ነው። ዋንዛ ላይ የዘይቱ ቫርኒሽ የሚያወጣውን ሞቅ ያለ ቀለም የውሃው አያወጣም፤ ፈዘዝ ያደርገዋል። ከሥር ሰሙ የወጣለት ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የተፈጥሮ ሙጫ) አንድ እጅ ከተቀባ ግን ቀለሙ ይመለሳል።

“ከተፈጥሮ የተገኘ አይጎዳም”

የተልባ ዘይት ከተልባ ነው፤ እውነት ነው። የሚደርቀው ግን ከአየር ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ነው፤ በዚህ ሂደት የሚወጣው ሽታ መሳቢያ ውስጥ ከላከር ሽታ በላይ ሊቆይ ይችላል። “የተፈላ” ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ ቶሎ እንዲደርቅ የብረታ ብረት ጨው ተጨምሮበታል። ከጥድ (ፓይን) ዛፍ ሙጫ የሚገኘው ማቅጠኛ፣ ተርፐንታይንም የተፈጥሮ ነው፣ ቆዳ ግን ያስቆጣል። የወጥ ቤት ፓልም ዘይትማ ምንም አይደርቅም፤ እንጨቱ ላይ ተለጣፊ ሆኖ ይሻግታል።

ከሁሉም የከፋው ጨርቁ ነው። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ፣ እየደረቀ ሲሄድ የሚያመነጨው ሙቀት መውጫ ስለሚያጣ ክብሪት ሳይነካው ይቀጣጠላል። በየካቲት 1991 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ፊላደልፊያ ዋን ሜሪድያን ፕላዛ የተባለውን ባለ 38 ፎቅ ሕንፃ ያቃጠለው እሳት የተነሣው 22ኛው ፎቅ ላይ ሠራተኞች ትተውት ከሄዱት የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ነው። ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞቱ። ጨርቁን ውጭ፣ አንድ በአንድ ዘርግቶ እስኪደርቅ መተው፣ ወይም ውሃ በሞላበት የብረት ጣሳ ነክሮ መክደን ነው።

“ጥሩ ቅብ ለሁሉም ዕቃ ይሆናል”

ሼላክ ከሕንድና ከታይላንድ ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው፤ ከረሜላና ክኒን ይለበስበታል። በአልኮል ስለሚሟሟ ሽታው ፈጥኖ ይለቃል፤ መርዛማው ሜታኖል በሌለበት አልኮል የተበጠበጠውን መምረጥ ነው። ለቁም ሳጥን ውስጠኛ ክፍልና ለመሳቢያ ከእሱ የተሻለ አላውቅም። የቡና ጠረጴዛ ላይ ግን ትኩስ ጀበና ሲቀመጥበት ነጭ ክብ ይወጣዋል፤ አረቄ ከፈሰሰበትም ይሟሟል። ጠረጴዛው ላይ በውሃ የሚቀጥነውን ፖሊዩሬታን ቀቡ።

“ዕጣንና ከሰል ሽታውን ያወጣል”

ዕጣን ሽታውን ይሸፍናል እንጂ አየር ውስጥ ካለው አንድም ነገር አይቀንስም፤ ጢስ ይጨምርበታል። የላከርና የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ተስቦ የከሰል ምድጃ ጋ ሲደርስ ይቀጣጠላል። መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ደግሞ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት መሙላት ነው። ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ይግባ። ያለው መላ ፊት ለፊት ያሉ ሁለት መስኮቶችን መክፈት፣ በርና መሳቢያውን ከፍቶ መተው፣ ከተቻለም ዕቃው ቤት ሳይገባ በረንዳ ላይ ማቆየት ነው።

“ወተት የጠጣ ቀቢ አይጎዳም”

ትነቱ የሚገባው በሳንባ ነው፤ ወተቱ የሚሄደው ሆድ ውስጥ ነው። አይገናኙም። በአፍ የሚታሰር ሻርፕና የሆስፒታል ማስክም ትነት አያስቆሙም፤ የሚያስቆመው የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው፤ ማጣሪያውም በጊዜው መቀየር አለበት።

“እጅ ካልያዘ ደርቋል”

ላዩ ደርቋል። የውሃው ፖሊዩሬታን በሰዓታት ውስጥ እጅ አይዝም፤ ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ብርድና እርጥበት ይህን ያጓትቱታል፤ በክረምት በአዲስ አበባ የተቀባ ዕቃ በበጋ ከተቀባው ይዘገያል። ለመፈተሽ የማይታይ ቦታ በጥፍር ጫን ማድረግ ነው፤ ምልክቱ ከቀረ ገና ነው። ከዚያ መሳቢያውን አንድ ቀን ዘግታችሁ ስትከፍቱት አሽትቱት። ለሚወለድ ሕፃን አልጋ የሚያሠራ ሰው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ይዘዝ።

“ሽታው ሁሉ የቫርኒሹ ነው”

ቺፑድና ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ስብርባሪና ብናኝ የተጨመቁ ጣውላዎች) የሚያያዙበት ሙጫ ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2004 እ.ኤ.አ. በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትል የተረጋገጠ ብሎ መድቦታል። ጣውላው ፊቱ በላሚኔት ቢሸፈንም የተቆረጠው ጠርዝ፣ የጀርባው ገጽና የመታጠፊያው ቀዳዳ ክፍት ናቸው፤ የሚወጣው በእነሱ በኩል ነው። ስታዝዙ ኢ1 (E1) የሚል፣ የሚለቀው ፎርማልዴሃይድ የተገደበ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያለው ጣውላ ጠይቁ፤ ጠርዙና ጀርባውም ሳይሸፈን ቀሪ ሒሳቡን አትክፈሉ።