ሞተር ለተቀየረለት አሮጌ መኪና የማርሚታ ቱቦ ስፋት አመራረጥ

ላዳ፣ ፔጆ 504 እና ኮሮላ ዲኤክስ ዛሬም ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ሲመላለሱ ይታያሉ፤ ከፋብሪካ ይዘውት በወጡት ሞተር የማይሄዱት ግን ጥቂት አይደሉም። ሞተር ሲቀየር ሐሳብ ሁሉ ካምቢዮው፣ የሞተር መቀመጫውና ራዲያተሩ ላይ ይወድቅና ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) የመጨረሻው ቀን ሥራ ይሆናል። በያጁ ጋ የተገኘው ቱቦ ይበየዳል። በኋላ መኪናው ዳገት ሲያቅተው የሚወቀሰው ካርቡራተሩ ነው።

የቱቦውን ስፋት የሚወስኑት የሞተሩ ይዘት (የሲሊንደሮቹ መጠን፣ በሊትር ወይም በሲሲ) እና ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጥበት ዙር ናቸው። ባለ አራት ምት ሞተር ሙሉ ይዘቱን የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ነው። ስለዚህ 1.6 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ዙር ሲሽከረከር በደቂቃ 4,800 ሊትር አየር መሳብ ነበረበት፤ ሲሊንደሮቹ 85 በመቶ ቢሞሉ 4,080 ሊትር ይሆናል። ቱቦው ውስጥ ሙቀቱ 400 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይህ መጠን 2.3 እጥፍ ያህል ያብጥና ወደ 9,400 ሊትር ይጠጋል። ይህን ጋዝ ባለ 2 ኢንች ቱቦ (ውጩ 51፣ ውስጡ 48 ሚሊ) በሰከንድ 85 ሜትር ያህል ፍጥነት ያሳልፈዋል። በ1¾ ኢንች ፍጥነቱ 112 ሜትር ይደርሳል፤ በ2½ ኢንች ወደ 53 ይወርዳል። ለከተማ መኪና ከ75 እስከ 100 ሜትር ያለው መካከለኛ ነው። ከዚያ በላይ ሲሆን ሞተሩ ጭሱን ለመግፋት ጉልበት ያባክናል፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ጋዙ ይሰንፍና የሚቀጥለውን ሲሊንደር ጭስ ስቦ የማውጣት አቅሙን ያጣል።

በዚህ ስሌት ለቶዮታ 4ኤ ሞተር (1,587 ሲሲ) ባለ 2 ኢንች ይበቃል። ዙራቸው ዝቅ ላለው ለ4ኬ (1,290 ሲሲ) እና ለ5ኬ (1,486 ሲሲ) ትክክለኛው 1¾ ኢንች ነው። 22አር ይዘቱ 2,366 ሲሲ ቢሆንም ዙሩ አጭር ስለሆነ ከ2 እስከ 2¼ ኢንች ባለው ይሠራል። ባለ 2½ ኢንች ቱቦ ለነዚህ ሁሉ ድምፅ እንጂ ጉልበት አይጨምርም። ቮልስ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ የቱቦው ጉዳይ ሌላ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ ሰዎችን ያሳስታል። በ2,400 ሜትር ገደማ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ዳርቻ ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። «እንግዲያው ቱቦውም በሩብ ይጥበብ» ማለት ግን ስህተት ነው፤ የቀነሰው ሞተሩ የሚስበው አየር ክብደት እንጂ ይዘቱ አይደለም። ስለዚህ ስሌቱ የሚሠራው በይዘትና በዙር እንጂ እዚህ በተለካ የፈረስ ጉልበት አይደለም። በሁለት ቁጥር መካከል ሲወድቅ ግን ጠባቡን መምረጥ ይሻላል። ቸርችል ጎዳናን በሁለተኛ ማርሽ፣ በትራፊክ መሐል የሚወጣ መኪና የሚፈልገው በ2,500 ዙር ያለውን ጉልበት ነው፤ 6,000 ዙር እዚያ መንገድ ላይ አይደረስበትም።

ከሱማሌ ተራ ሞተር ሲገዛ ማኒፎልዱ (ከሲሊንደሮቹ የሚወጣውን ጭስ የሚሰበስበው ክፍል) እና የመጀመሪያው ፍላንጅ (ቱቦው በቡሎን የሚታሰርበት ጠፍጣፋ ብረት) አብረው ቢመጡ ብዙ ጣጣ ይቀንሳል። የላዳ ማኒፎልድ ሁለት አፍ ስላለው ከሥሩ ሁለት ቀጭን ቱቦዎች ወርደው አንድ ይሆናሉ፤ ያን የድሮ ቱቦ ቆርጦ ለአዲሱ ሞተር ማስገጠም ገና ከመነሻው ማነቆ ማስገባት ነው።

ቱቦ ሲገዛ የኢንቹ ትርጉም ይጣራ። ባለ 2 ኢንች የውሃ ቱቦ ውጩ 60 ሚሊ ነው። ሜትሩም 5 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ባለ 51 ሚሊ፣ 1.5 ሚሊ ላሜራ ያለው ክብ ቱቦላሬ ግን 2 ኪሎ አይሞላም። ጋልቫናይዝድ ከሆነ ደግሞ ሲበየድ የሚወጣው የዚንክ ጭስ በያጁን ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያሰኘዋል።

ቁጥሩ ቢስተካከልም ሥራውን የሚያበላሸው እጥፋቱ ነው። የቱቦው አቅም የሚለካው በጠባቡ ቦታ ነው፤ ክቡ 48 ሚሊ እጥፋቱ ጋ ወደ 43 ቢጠብ ከመተላለፊያው አንድ አምስተኛው ሄደ ማለት ነው። ቱቦው አሸዋ ተሞልቶ፣ ሁለቱም ጫፍ ተደፍኖ በእሳት ቢታጠፍ ክቡን ይጠብቃል። አሸዋው ግን ፍጹም ደረቅ ይሁን፤ እርጥበት ካለው እንፋሎቱ ድፍኑን ያፈናጥረዋል። ሌላው መንገድ በቅድሚያ የተሠሩ ክርኖችን መበየድ ነው።

ማኒፎልዱ በመሪው በኩል ከዋለ ቱቦው ከመሪው ዘንግ፣ ከፍሬን ቱቦና ከነዳጅ መስመር ቢያንስ 25 ሚሊ ይራቅ፤ ሞተሩ ሲነሳ ይወዛወዛል። ማንጠልጠያው ጎማ መሆን አለበት፤ ከሻሲው ጋር በብረት ከታሰረ ማኒፎልዱ ይሰነጠቃል ወይም ጓርኒሲዮኑ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ይበላል። የኦክስጅን ሴንሰር (በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካ) ያለው ሞተር ከሴንሰሩ በፊት ትንሽ ቀዳዳ እንኳ አይፈልግም፤ አየር ይገባና ኮምፒውተሩ ነዳጅ ያነሰ መስሎት ይጨምራል።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ተነስቶ ገና ሳይሞቅ የቱቦው ጫፍ በጨርቅ ለአፍታ ይታፈናል፤ የሚያፏጨው ቦታ የሚያፈስበት ነው። ጥርጣሬ ካለ በሴንሰሩ ቀዳዳ የግፊት መለኪያ ገብቶ ሞተሩ በ2,500 ዙር ይያዛል። ንባቡ 0.2 ባር ካለፈ መንገዱ ተዘግቷል፤ መጀመሪያ የሚፈተሹትም የተጨፈለቀ እጥፋትና ውስጡ የፈራረሰ የድሮ ማርሚታ ናቸው።