«ከጣሊያን ዘመን ነው» ስለሚባሉት የዘይት ጠርሙሶች

ደሴ ላይ አሮጌ ነገር ሁሉ ከጣሊያን ዘመን ነው። በሩም፣ ወንበሩም፣ ሚዛኑም። ለበሩና ለወንበሩ ግድ የለኝም። የሞተር ዘይት ጠርሙስ ይዞ መጥቶ እንዲህ የሚለኝን ሰው ግን ዝም ብዬ ማሳለፍ አልችልም። በዚያች አንዲት ቃል ስንት ሰው ብሩን ተበልቷል።

ነገሩን ለማያውቅ፦ ዘይት በፕላስቲክ ጀሪካን ከመምጣቱ በፊት፣ ማደያዎች ከበርሜል እየቀዱ በጠርሙስ ይሸጡ ነበር። አፉ ላይ ሾጣጣ የቆርቆሮ ማፍሰሻ ይገጠምለታል። ደንበኛው የዘይቱን ቀለምና ልክ በዓይኑ ስለሚያይ ለማጭበርበር አይመችም። በአሜሪካ በ1920ዎቹና በ30ዎቹ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጣም የተለመደ ነበር። ኋላ ቆርቆሮ ተካው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብረት ሲጠፋ ደግሞ ወደ ጠርሙስ ተመለሱ። ዛሬ አሰባሳቢዎች የሚፈልጓቸው እነዚህን ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልግባ። «ቂጡ ላይ 28 ይላል። 1928 ዓ.ም. ማለት ነው፣ ጣሊያን የገባበት!» ይህን ያልሰማሁበት ገበያ የለም። ቁጥሩ ለምን ልብ እንደሚማርክ ይገባኛል፤ ደሴ የተያዘችው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። ግን እስቲ ረጋ ብለን እናስብ። ጠርሙሱን የሠራው ፈረንጅ ነው። ፈረንጅ በምን ምክንያት በኛ አቆጣጠር ይጽፋል? ያ ዓመት ለእሱ 1936 ነው። ፋሺስቶቹማ ከ1922 የሚነሳ የራሳቸው አቆጣጠር ነበራቸው፤ በእነሱ 14ኛው ዓመት ነበር። በየትኛውም መንገድ ብትቆጥረው 28 አይወጣም።

ታዲያ 28 ምንድን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የቅርጽ ማውጫው ቁጥር ነው። አንድ ፋብሪካ ለአንድ ዓይነት ጠርሙስ ብዙ ማውጫ ይኖረዋል። የተበላሸ ጠርሙስ ሲወጣ ከየትኛው እንደወጣ ለማወቅ እያንዳንዱን በቁጥር ይለያል። በቃ፣ ይኸው ነው። ዓመት የሚጽፉ ፋብሪካዎች የሉም አላልኩም። የአሜሪካው ኦወንስ-ኢሊኖይ ከ1929 ጀምሮ በአልማዝ ቅርጽና በሞላላ ክብ ውስጥ የቆመ «አይ» (I) ፊደል ያደርግ ነበር። ከምልክቱ በግራ ያለው የፋብሪካው ቁጥር ነው፣ በቀኝ ያለው የዓመቱ። ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ አንድ አሃዝ ብቻ ነው፤ 7 ካለ 1937ም 1947ም ሊሆን ይችላል። ጎኑ ላይ «ዱራግላስ» የሚል እንደ እጅ ጽሑፍ የተያያዘ ቃል ካለበት ከ1940 በፊት አይሄድም።

አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ባቲ ሰኞ ገበያ ገዝቶ መጣ። ሻጩ «አያቴ ከትሬንታ ኳትሮ (ከጣሊያኑ የጭነት መኪና) ላይ ያወረዱት ነው» ብሎታል። ቂጡ ላይ ያው 28። ሆዱ ላይ ደግሞ እሳት የሚተፋው፣ ባለ ስድስት እግሩ የአጂፕ፣ የጣሊያኑ የነዳጅ ድርጅት፣ ውሻ። አጂፕ ራሱ የተመሠረተው በ1926 ነው፣ ልክ ነው። ውሻው ግን የተመረጠው በ1952 ነው። ጣሊያን ከደሴ የተባረረው በ1941። «አብሽር፣ ጠርሙሱ ፎርጅድ ነው አላልኩህም፤ የከፈልክበት ታሪክ ግን ውሸት ነው» አልኩት። ሻጩን ፍለጋ ቢመለስ ማን ያገኘዋል!

ስለዚህ መጀመሪያ አርማውን እዩ። ዕድሜውን የሚወስነው ጠርሙሱ ላይ ካሉት ምልክቶች ሁሉ በኋላ የመጣው ነው። «ቶታል» የሚል ካየህ ስሙ የ1954 ነው፤ ከዚያ ወደ ኋላ አትሂድ።

ገበያ ላይ የሚባሉ ሌሎችም አሉ። «አረፋ ያለበት ጥንታዊ ነው።» አይደለም። ዛሬም አረፋ ያለው ጠርሙስ ይሠራል፣ ለማስመሰልም ሆን ተብሎ ይጨመራል።

«ዘይት ዘይት ይሸታል።» የተቃጠለ ዘይት ከየትኛውም ጋራዥ ይገኛል።

«ስፌት ካለው ፎርጅድ ነው።» ስፌት የምንለው የቅርጽ ማውጫው መገጣጠሚያ ብርጭቆው ላይ የሚተወውን መስመር ነው። ይህኛው ተቃራኒ ጥፋት ያመጣል፤ ኦርጅናሉን ያስጥላል። በአፍ የተነፋ ጠርሙስ አንገቱ ላይ ስፌቱ ይቆማል፣ ምክንያቱም አፉ በእጅ ነው የሚበጀው። በማሽን የተሠራ ከሆነ ስፌቱ እስከ ከንፈሩ ይወጣል። ሙሉ በሙሉ ራሱ የሚሠራው የኦወንስ ማሽን የመጣው በ1903 አካባቢ ነው። የመኪና ዘይት በጠርሙስ በብዛት የተሸጠው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ስፌቱ ከንፈር ቢደርስ ምንም አያስደነግጥም። ቂጡ ላይ ደግሞ ከመሃል ፈንጠር ያለ፣ ጠርዙ ሻካራ የሆነ ክብ መስመር ካገኘህ «ተሰንጥቋል» ብለህ እንዳትጥለው። ማሽኑ ብርጭቆውን ስቦ ሲቆርጥ የተወው ጠባሳ ነው፣ ደስ የሚል ምልክት።

እኔ ከሁሉ በላይ የማምነው የቂጡን ጭረት ነው። ጠርሙሱን ገልብጣችሁ በመስኮት ብርሃን ላይ አዘንብሉት። ዓመታት የተገፋ፣ የተነሳ፣ ኋላም ላምባ ተሞልቶ ከኩራዝ ጎን የተቀመጠ ጠርሙስ ጭረቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጥልቅ። ያለውም መሬት በሚነካው ጠርዝ ላይ ብቻ ነው። በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ ከሆነ ጭረቱ ጎን ለጎን ተሰልፎ ይታያል፣ መሬት የማይነካው ጎድጓዳ ውስጥም ይገባል። እድሜ እዚያ ውስጥ አይገባም።

የትውልድ አገሩን ማወቅ ከፈለጋችሁ ውኃ ሙሉበትና ለኩ። ጠርሙሱ ላይ የልክ መስመር ካለ እስከዚያ ድረስ። 946 ሚሊ ሊትር አካባቢ ከሆነ የአሜሪካ ኳርት (የፈሳሽ መለኪያ) ነው፤ 1,136 ከሆነ የእንግሊዝ። ድፍን ሊትር ከሆነ ከአውሮፓ መሆኑ ያመዝናል።

ስለማጠብ ደግሞ እባካችሁ ስሙኝ። ወዝ ይልቀቅ ብላችሁ በአመድና በአሸዋ አትፈትጉት! የአረቄ ጠርሙስ አይደለም። ጭረቱን ታበላሹታላችሁ፣ ቀለም የተቀባ አርማ ካለውም ይላጣል። የወረቀት ምልክት ካለው ውኃ ጭራሽ አይንካው፤ ከውጭ በደረቅ ጨርቅ ብቻ። የሌለው ከሆነ ለብ ባለ ውኃ ላርጎ ጨምራችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት በለስላሳ ብሩሽ እሹት። በደሴ ብርድ የቀዘቀዘ ጠርሙስ ላይ የፈላ ውኃ ማፍሰስ ማለት መስበር ማለት ነው። የቆርቆሮ ማፍሰሻው ዝጎ ከተጣበቀ አትታገሉት። መገጣጠሚያው ላይ ትንሽ ቀጭን ዘይት አንጠባጥቡና ተዉት፤ በማግስቱ እንቢ ካለም እንደገና ጨምሩ። በፒንሳ የተጠመዘዘ ማፍሰሻ ብዙውን ጊዜ የጠርሙሱን ከንፈር ይዞ ነው የሚወጣው።